ሠላሳኛው እርምጃ ላይ

«ሟች ቀብቶ የሰጠው የመኪና መብራት እኮ፣ በጠራራ ፀሐይ ከዚህ እስከ መታጠፊያው ይታያል» አለ ልብስ ሰፊው ሻዩን እያማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሱ ግን ማንኪያውን አልለቀቀም።

«ይታያል እንጂ!» አለች የሟች እህት ከሶፋው ጥግ። «ወንድሜ ዓይን ነበረው፣ ዓይን!»

«ዓይኑስ እሷ ነበረች።» ልብስ ሰፊው በአገጩ ወደ ሚስትየው ጠቆመ። «ሠላሳ እርምጃ ሄዳ እጇን ካላነሳች ከዚህ ቤት መብራት አይወጣም። አርባ ዓመት ሙሉ ሱቄ በር ላይ ቆማ እጇን ስታነሳ አይቻለሁ። ያለ ትኬት!»

ሰዉ የተቀመጠው ለቅሶ ቤት መሆኑን ሳይረሳ በአፍንጫው ሳቀ።

«ሥራ የፈታ ልብስ ሰፊ ምን ያድርግ፣ የሰው እርምጃ ይቆጥራል እንጂ» አለች ሚስትየው።

አሁን ሳቁ ትንሽ ጎላ አለ። ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት እንዲህ ስትመልስ ሰው ደስ ይለዋል፤ አፏ ካለ እሷም አለች ማለት ነው። ሰፈሩ «ትራፊኳ» ነው የሚላት። መንገድ ዳር ቆማ እጇን ስታነሳ ስንቱ ሹፌር ትራፊክ ፖሊስ መስላው መኪናውን አቁሟል! ያቆመውም ስድቡን ጠጥቶ ያልፋል።

ልብስ ሰፊው «እጇን ካላነሳች» ባለ ቁጥር ግን ዓይኗን ትሰብራለች። ይህን ማንም አላየም። ለማየትም አትመችም፤ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባዋለች።

በሩ ላይ ቁልፎች ተንቃጨሉ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

መልኩን አላየችም። የበሩ ብርሃን ላይ የቆመ ወፍራም ጥላ ነው። ድምፁንና የቁልፉን ጩኸት ግን ለየች፤ የተማሪዎች መኪና ሹፌር ነው። ባሏ የመጨረሻውን ጥንድ መብራት የቀባው ለእሱ ነበር።

«ግባ፣ ተቀመጥ» አለችው። «ልጆቹን የት ጥለህ መጣህ?»

«አድርሻቸው ነው። አሥራ ስምንት ናቸው እትዬ፤ ጆሮዬን በልተው ጨርሰውታል።»

«መብራቱስ?»

«ገጠምኩት። የጋሼ ቀዩ እጅ ምን ይወጣለታል!»

«ከኋላ የሚመጣ ሰው... ምንም አላለህም?»

ሹፌሩ ግራ ገባው። «ምን ይለኛል?»

«እኔ ምን አውቅልሃለሁ» ብላ ተነሳች። «ሻይ ላምጣልህ።»

ማድ ቤት ገብታ በሩን በጀርባዋ ዘጋችው። ብርጭቆ አነሳች፤ ጠቋሚ ጣቷን ጫፉ ላይ አጥፋ ወደ ውስጥ አስገባችና ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳች። ትኩሱ ጣቷን ሲነካት አቆመች። ዓመት ሊሞላት ነው እንዲህ ስትቀዳ። ብርጭቆ ሞላ አልሞላ፣ የምታውቀው በጣቷ ነው።

እውነቱ ይኸውና፦ የሹፌሩ መብራት የተሞከረ ዕለት፣ ሠላሳ እርምጃ ሄዳ ስትቆም ምንም አልታያትም። እጇን ግን አነሳች። ሦስቴ። ባሏም እሷን አምኖ ሰጠው። አሁን መብራቱ አሥራ ስምንት ልጆች ከያዘ መኪና ኋላ ተገጥሟል፤ ይታይ አይታይ፣ እንደ እሷ ሐሳብ፣ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም።

*

ጋሼ ቀዩ መልኩ ከሰል ነበር። ቀዩ ያሉት ጣቶቹ ላይ የቀረው ቀለም በቲነርም በሳሙናም አልለቅ ስላለ ነው። የሚሠራው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ጋራዥ ተቀጥሮ ሁለት ወር ሞክሮት ነበር፤ «ሰው በበዛበት አቧራ ይበዛል» ብሎ ተመልሶ ቤቱ ገባ።

ፀሐይ የበላው፣ ከቀይነት ወደ ሮዝነት የወረደ፣ የተጫጫረ የኋላ መብራት ይመጣለታል። በሳሙና ያጥበዋል። ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እየነከረ ያሸዋል፣ ያሸዋል፣ ላዩ ወተት የፈሰሰበት እስኪመስል። ዳር ዳሩን በወረቀት ፕላስተር ይሸፍናል። አቧራ እንዳይነሳ ወለሉ ላይ ውኃ ይረጫል። የቀለሙን ቆርቆሮ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ያቆየዋል። ከዚያ ቀዩን ቀለም ስስ አድርጎ፣ መስታወት ላይ እንደሚተነፍስ ሰው፣ እፍ ያደርግበታል። ይጠብቃል፤ ይደግማል። ሲደርቅ ክሊሩን ይነፋበታል። ክሊር ቀለም የለውም፤ ሥራው ላዩን ማብረቅና ከፀሐይ መጠበቅ ነው። ያን ጊዜ ያ ወተት የመሰለው ነገር ድንገት ይጠራና እንደ ከረሜላ ይሆናል። በልብስ መስቀያ ሽቦ ጣሪያው ላይ አንጠልጥሎት፣ በሩን በቀስታ ዘግቶ ይወጣል። መብራቱ እስኪደርቅ ድረስ ቤት ውስጥ ማስነጠስ የተከለከለ ነበር። እሷ ወደዚያ ክፍል ድርሽ አትልም፤ ሽታው ጉሮሮዋን ያቃጥላታል።

የሠላሳ እርምጃው ሕግ የእሱ አልነበረም። የእሷ ነው።

በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ይመስላታል፣ ለአንድ ባለ ታክሲ መብራት ቀብቶ፣ የሳሎኑን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርዶ ከኋላው አምፖል አበራና ጠራት። «እስቲ እዪ! ወይን አይመስልም?» ይመስላል፤ ቆንጆ ነበር። በሳምንቱ ያ ታክሲ በቀትር ፍሬን ሲይዝ ከኋላው የነበረው ጭነት መኪና መብራቱን ሳያይ መጥቶ ገጨው። ሰው አልተጎዳም፤ የዕቃ መጫኛው ግን እንደ ወረቀት ተጣጠፈ። ባሏ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን እሷ ተነሳችበት።

«በጨለማማ ክብሪትም ይታያል! መኪና የሚሄደው ብርድ ልብስ ውስጥ ነው እንዴ? አምጣው ወዲህ!»

መብራቱን፣ አምፖሉንና ባትሪውን አስይዛ የግቢው በር ላይ አቆመችው። ራሷ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ እንደተተከለች፣ መንገዱን ይዛ ቆጥራ ሄደች። ሠላሳ ላይ ቆመች። ለምን ሠላሳ እንደሆነ ማንም ጠይቋት አያውቅም፤ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠች ሴት ስለሆነች ከሠላሳ በላይ መቁጠር ስለማትወድ ነው።

«አብራ!» አለች። አበራ። አልታያትም። «ሂድና አሽተህ አንሳው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያው ቀረ። እሱ የቆመችበት ጠርዝ ድንጋይ ላይ በተረፈ ቀለም ቀይ ነጥብ አደረገላት። ሲያበራ እጇን ታነሳለች፤ ሲያጠፋ ታወርዳለች። ሦስቴ ነው። እሱ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይቆጥራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያበራል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ያጠፋል። በሦስተኛው ግን አያጠፋም። ሳያጠፋ እሷን ቆሞ ያያታል። እጇን እንዳነሳች ትጠብቃለች፤ መጨረሻ ላይ ድምፁ በመንገዱ ሙሉ ይመጣል።

«በቃ አውርጂው! ክንድሽ ይደክማል!»

ጎረምሶች መጥተው «ጋሼ፣ አጥቁርልን፤ ጥቁር ነው ፋሽኑ» ሲሉት፣ መልሱን ለእሷ ይተወዋል። እሷም ከማድ ቤት መስኮት ትልካለች፤ «መብራት ነው ወይስ የፀሐይ መነፅር? ፊትህ ላይ አድርገው!»

*

በማግስቱ ቤቱ እንደገና ሞላ። ሰው ይገባል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ዝናብና ስለ መንገድ ያወራል፣ ይወጣል። የሟች እህት ሶፋዋን አልለቀቀችም። የመጣውን ሁሉ «ወንድሜ በአርባ ዓመት አንድ መብራት ተበላሽቶ አልተመለሰበትም» እያለች ትቀበላለች። ታክሲው የተገጨባቸውን ዓመት ረስታዋለች፤ ወይም ሆን ብላ ዘላዋለች።

ሚስትየው ይህን በሰማች ቁጥር ሹፌሩን ታስበዋለች። ልንገረው? ብነግረውስ ምን እላለሁ? «ዓይኔ አያይም፤ ዋሽቼ ነው» ልበል? ያን ብትል ይህ ሁሉ ሰው ከዚህ ቤት የሚወጣው ሌላ ወሬ ይዞ ነው። «ለካ ጋሼ ቀዩ በዕውር ሴት ነበር የሚያስፈትሸው» ይላሉ። አፈሩ ሳይደርቅ ስሙን ደግማ ልትቀብረው ነው።

ደግሞ ኩራቷ አለ። መደበቅ አያስፈልግም፤ ኩሩ ናት። ዓይኗ ላይ ጉም መውረድ የጀመረው አምና ነው። መጀመሪያ የመርፌ ቀዳዳ ጠፋባት፤ ቀጥሎ የሰው ፊት። አንድ ቀን ቀዩ ነጥብ ላይ ቆማ ወደ በሩ ብታይ፣ ነጭ ፀሐይና አንድ እንጨት የሚመስል ነገር ብቻ ነው የታያት። እንጨቱ ባሏ ነው። ያኔ «አልታየኝም» ብትል ኖሮ በቃ ነበር። ግን «አልታየኝም» ካለች ሄዶ ደህናውን መብራት በከንቱ ሊያሸው ነው፤ ዓይኗን ነው ካለች ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ሊያቆም ነው። በእሷ ነጥብ ላይ! ስለዚህ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እጅ ወደ ላይ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ እጅ ወደ ታች። የአርባ ዓመት አቆጣጠሩን ከራሱ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። አልተሳሳተችም። ሌሎቹ መብራቶች ደግሞ ደህና ነበሩ፤ የሚቀባ እጁ አልደከመም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ኃጢአት አልቆጠረችውም።

የሹፌሩ ግን ተለየባት። የቀኙ ላይ ቀለሙ በዝቶ እንደ እንባ ወረደ። አሽቶ፣ ደግሞ ቀባው። ግራው እንዲመሳሰል ለእሱም አንድ ጨመረለት። ያኔ ቀኙ አነሰ፤ ለሱም ጨመረ። እንዲህ ሲካካሱ ውለው፣ በመጨረሻ ማድ ቤት ድረስ አምጥቶ አሳያት። እሷም አፍንጫዋ እስኪነካው አቅርባ አየችው።

«ጉበት መስሏል» አለችው።

«በሠላሳ እናየዋለን» አላት።

በቀትር ወጡ። ሹፌሩም አጠገቡ ቆሞ ነበር። ቆጠረች። እጇን አነሳች። «በቃ አውርጂው» አላት። ምሳ ልታቀርብ ገባች። ማታ «መብራቱ ሄደ?» ስትለው «ሄደ» አላት። በአራተኛው ቀን ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ወንበሩ ላይ ደገፍ አለና በዚያው አረፈ። የተናገረውም የለ። ሳህኑን ልታነሳ ስትመጣ የተኛ መስሏት ድምፅ ላለማሰማት በእግሯ ጣቶች ነበር የሄደችው።

ሻይ እየቀዳች ሳለ «ሰማሽ?» የሚል ሹክሹክታ ከኋላዋ መጣ። ማድ ቤቱ በር ላይ ሁለት ሴቶች ናቸው። «ዋናው መንገድ ላይ አንዱን መኪና ከኋላ ድብን አርጎ መታው አሉ። አሁን፣ ጠዋት።»

«የማንን መኪና?»

«ሰርቪስ ነው የሚሉት።»

ፔርሙሱ እጇ ላይ ነበር። ሻዩ ሞላ፤ ጣቷን አቃጠላት፤ አላቆመችም። ከብርጭቆው አልፎ ትሪው ላይ፣ ከትሪው ወደ ወለሉ ፈሰሰ።

«እማዬ!» ልጇ ሮጣ ፔርሙሱን ቀማቻት። ከባሏ ቤት የመጣች ትልቅ ሴት ናት፤ ስትደነግጥ ግን ድምጿ የሰባት ዓመት ልጅ ነው። «ምን ሆነሻል? ተቃጠልሽ እኮ!»

«ስልክሽን አምጪ። የተማሪዎቹን ሹፌር ደውዪለት።»

«ለምን?»

«ደውዪ አልኩሽ!»

ልጅቷ ቁጥሩን ስትፈልግ ልብስ ሰፊው ከውጭ ገባ። ወሬ በእግሩ የሚያመጣ ሰው ነውና ይዞት መጣ። «የዳቦ ማከፋፈያ መኪና ነው! ምንም የሆነ ሰው የለም። ዳቦው ነው መንገድ ላይ የተበተነው። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ደርሶታል!»

ሴቶቹ እፎይ አሉ። አንዷ ሳቀች። ሚስትየው ለስላሳ መጠጥ የተደረደረበት ሳጥን ላይ ተቀመጠች።

ልጇ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። በዝግታ «እማዬ፣ ዓይንሽ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለቻት።

«ሻዩ ነው የበዛው። ዓይኔ ምን አደረገሽ?»

«ቤትሽ ውሰጂኝ ብትዪኝ ምን አለ? ሐኪም እንይ። ብቻሽን...»

«ቤት አለኝ። ነገ ያ ሹፌር ሲመጣ ወደ ጓሮ ላኪልኝ። እዚህ ፊት አይደለም። ጓሮ።»

*

በሦስተኛው ቀን ለቀትር ጥቂት ሲቀረው፣ አርባ ዓመት ወዳልገባችበት የባሏ መሥሪያ ክፍል ገባች። ሽታው አሁንም ጉሮሮዋን ያዛት። ጣሪያው ላይ ባዶ ሽቦዎች ተንጠልጥለዋል፤ አንዱ ግንባሯን ሲነካት ያዘችውና አልለቀቀችውም። ቁልፎቹ ተንቃጨሉ።

«ፈለጉኝ አሉ፣ እትዬ?»

«በሩን ዝጋው። አትቀመጥ፤ ቀለም ነው ሁሉም። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ ሳልጨርስ እንዳትናገር።»

«እሺ።»

«መብራትህን አውልቀው። ዛሬውኑ። ልጆቹን በሱ አትመልሳቸው። የዚያን ቀን አልታየኝም። እጄን ያነሳሁት በቆጠራ ነው። ዓይኔ ከአምና ጀምሮ በሠላሳ ቀርቶ በአሥርም ይጠፋበታል። ባሌ አያውቅም፤ እሱን እንዳትወቅሰው። እሱ እኔን አምኖ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለሰው መናገር ከፈለግህም «ትራፊኳ ዋሸችኝ» በል። የሱን ስም ግን እንዳታነሳ።»

ሹፌሩ ቁልፎቹን ከእጅ ወደ እጅ ማዛወር ጀመረ።

«ምነው? ምላስህን ዋጥከው?»

«እትዬ... ጋሼ ያውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። የዚያን ቀን እርስዎ ምሳ ሊያቀርቡ ሲገቡ፣ ሽቦውን አስያዘኝ። «ሦስት ቆጥረህ አብራ፣ ሦስት ቆጥረህ አጥፋ» አለኝና ራሱ በነጠላ ጫማው እየተጎተተ እዚያ ቀዩ ነጥብ ላይ ሄዶ ቆመ። ዓይኑን በእጁ ከልሎ አየ። ተመልሶ «አይታይም፤ ልክ ናት፤ ጉበት ነው» አለኝ። መብራቱን መልሶ አስገባው። አሽቶ ሁለት ድርብ ቀለም አነሳለት፣ ክሊሩን እንደገና ነፋ፣ አደረቀው። ሦስት ቀን ነው ያቆየኝ። ከዚያ ደግሞ ሄዶ ቆሞ አየ። ቁልጭ ብሎ ነበር። ከማረፉ በፊት ባለው ቀን ነው የወሰድኩት።»

«ሄደ ብሎኝ ነበር!»

«እሱንም ነግሮኛል። «አንድ ቃል ትናገርና በዚህ ቆርቆሮ እቀባሃለሁ» ነው ያለኝ።»

ሽቦው እጇ ላይ ተጣመመ። ባለፈው ዓመት ሁሉ፣ መብራት በተሞከረ ቁጥር ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። «የት ቀረህ!» ስትለው «ሽቦ እየሰበሰብኩ ነው» ይላል። ለአንድ ክንድ ሽቦ ይህን ያህል ጊዜ! ነጠላ ጫማውን ስትጠርግ የመንገድ አቧራ ይበዛበት ነበር፤ ከግቢው በር ላልወጣ ሰው። «በአቧራ ቤቴን ጨረስከው» ብላ ስንቴ ጮኻበታለች። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰላትም።

«ታዲያ ለምን ይጠራኝ ነበር?» አለች። ድምጿ እንደ ቁጣ ነው የወጣው። «ካወቀ ለምን በዚያ ፀሐይ ያቆመኛል? ሲያላግጥብኝ ነው?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ።»

«ምን አለ?»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካልጠራኋት ታዝናለች፤ ከጠራኋት ትዋሻለች፤ ብትዋሽ ይሻለኛል፣ አለኝ።»

ከዚያ ከሆዷ አንድ ነገር ወጣ፤ ሹፌሩ ልቅሶ መስሎት ሊይዛት እጁን ዘረጋ። ሳቅ ነበር። መጨረሻው ላይ ነው ልቅሶ የሆነው፣ እሱም ብዙ አልቆየም። በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

«ውሻ» አለች፣ ማንን እንደሆነ ሳትናገር። «መኪናህ የት ናት?»

«በሩ ላይ።»

«ፊቷን ወደ ላይ፣ ጀርባዋን ወደ ልብስ ሰፊው አዙረህ አቁማት። ሄጄ ልቆም ነው።»

«እትዬ፣ ደህና ነው እኮ አልኩዎት፤ ጋሼ አይቶታል...»

«እሱ አይቶታል። እኔ አላየሁትም።»

*

ሳሎኑን አቋርጣ ስትወጣ ወሬው ሁሉ ቆመ። «ወዴት ነው?» አለች የሟች እህት። «ለቅሶ ላይ ሆነሽ ወደ መንገድ?»

«ወንድምሽ ልኮኝ ነው» አለቻትና አለፈች።

ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ልጇ ከኋላ ተከተለቻት፤ ክንዷን ልትይዝ ብትል በክርኗ ገፋቻት። ከግቢው በር ጀምራ ቆጠረች። እርምጃዋ ከዚያ ዘመን አጥሯል፤ ሠላሳ ብላ ስትጨርስ ነጥቡ ገና ነው። እንደገና ከአንድ ጀመረች።

«ትንሽ ወደ ግራ!» አለ ልብስ ሰፊው ከሱቁ ደጃፍ፤ ከለቅሶው ቀድሟት መጥቶ ቆሟል።

«ዝም በል! እግሬ ያውቀዋል።»

እግሯ አወቀው። ጠርዝ ድንጋዩ ተረከዟ ሥር መጣላትና ዞረች። ከፊቷ ነጭ ብርሃን ነው፤ መሀሉ ላይ ሳጥን የሚመስል ነገር፣ መኪናው መሆን አለበት። በሩ ላይ ሰዉ ወጥቶ መደርደሩን በሹክሹክታው አወቀች።

«ያዝኩ እትዬ!» አለ ሹፌሩ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። ፍሬን መያዙ ነው።

አፏ ሳታዝዘው ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀኝ እጇ ቀሚሷን ለቀቀ። ከዚያ መልሳ ቀሚሷን ያዘች።

«አልታየኝም!» ብላ ጮኸች።

እህትየዋ አፏን በእጇ ከደነች። ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ያየው ትያትር መጨረሻው ይህ አይደለምና አንገቱን ከሱቁ ደጃፍ አሰገገ። ልጇ ግን ከኋላዋ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ረጅም ትንፋሽ፣ ብዙ ቀን ተይዞ የነበረ።

ሹፌሩ በስፖኪዮው አያት። ማርሹን ወደ ኋላ አስገባና ቀስ እያለ ወደ እሷ መጣ። ቆመ። «አሁንስ?»

«አልታየኝም አልኩህ! ና!»

ደግሞ መጣ። የጭስ ማውጫው ሙቀት ቁርጭምጭሚቷ ጋ ደረሰ። ቆመ፤ ፍሬን ያዘ።

ከጉሙ ውስጥ ቀይ ወጣ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ጉበት አይደለም፤ ወይንም አይደለም። የጠራ፣ ፀሐይዋን የማይፈራ ቀይ ነው። የቀኙ ከግራው ቅንጣት አይበልጥም፤ አመሳስሎታል። ከተጋረደው ዓለም ሁሉ እነሱ ብቻ ጥርት ብለው ታዩዋት።

እጇን አነሳች።

ሹፌሩ እግሩን ከፍሬኑ ላይ አላነሳም። «በቃ አውርጂው» የሚላት ሰው የለም። ፊቷን ወደ ግቢው በር አቅንታ ጠበቀች። ጥቂት ቆይቶ ክንዷ ደከመ። በግራ እጇ ክርኗን ደግፋ፣ እንዳነሳችው ቆየች።